ዶሲሜትር ምንድን ነው?

ራጅ ክፍል የሚሠሩ ሰዎች ደረታቸው ላይ የሚሰኳት ትንሽ ፕላስቲክ አለች። ብዙ ታካሚ የስም ባጅ ትመስለዋለች። ዶሲሜትር ናት፤ ሠራተኛው ሥራ ላይ ሳለ ምን ያህል ጨረራ እንዳገኘው ትመዘግባለች።

ከመመዝገብ አልፋ ግን አትከላከልም። ቴርሞሜትር ትኩሳት እንደማያወርድ ሁሉ ዶሲሜትርም ጨረራ አታስቆምም። የሚከላከለው ሌላ ነው፦ ጨረራው ያለበት ቦታ ብዙ አለመቆየት፣ መራቅና ጨረራ የሚያግድ መጋረጃ። ርቀቱ በእጥፍ ሲጨምር መጠኑ ወደ ሩብ ገደማ ይወርዳል። ይህን ያህል የሚጠቅም ነገር ሌላ በነፃ አይገኝም።

ቲኤልዲ በሚባለው ዓይነት ውስጥ ትናንሽ ክሪስታሎች አሉ፤ ብዙ ጊዜ ሊቲየም ፍሎራይድ ናቸው። ጨረራ ሲያርፍባቸው ከጉልበቱ የተወሰነውን ይዘው ያስቀራሉ። በየወሩ ወይም በየሦስት ወሩ ላቦራቶሪ ሄደው ሲሞቁ ያንን ጉልበት በብርሃን መልክ ይለቁታል። ብርሃኑ ተለክቶ መጠኑ ይታወቃል። ውጤቱ የሚደርሰው እንግዲህ ነገሩ ካለፈ በኋላ ነው። ኢሪዲየም 192 በሚባል ጨረራ አመንጪ ቁስ የብረት ብየዳ የሚፈትሹ ሰዎች ወዲያው የሚጮህ ኤሌክትሮኒክ መለኪያም የሚይዙት ለዚህ ነው።

የጨረራ መጠን የሚለካበት አሃድ ሚሊሲቨርት ይባላል። ዓለም አቀፉ የጨረራ መከላከያ ኮሚሽን ለሠራተኛ ያስቀመጠው ጣሪያ በአምስት ዓመት አማካይ በዓመት 20 ነው፤ በየትኛውም አንድ ዓመት ደግሞ ከ50 ማለፍ የለበትም። ለማነጻጸር፣ ማንም ሰው ከአፈር፣ ከአየርና ከሕዋ በዓመት በአማካይ 2.4 ገደማ ያገኘዋል። ለዓይን ሌንስ የነበረው ጣሪያ 150 ነበር። የዓይን ሞራ ከተገመተው ባነሰ መጠን እንደሚመጣ ሲታወቅ በ2011 እ.ኤ.አ. ወደ 20 ወረደ። ጣሪያው ግን እስኪሞላ የሚጠበቅ ኮታ አይደለም። የዶሲሜትር ንባቡ ሁሌም ትንሽ የነበረ ሰው ድንገት ቢጨምርበት፣ ከጣሪያው በታች ቢሆንም "ምን ተፈጠረ?" መባል አለበት።

አንዳንዴ መልሱ ቀላል ነው። ሠራተኛው ሻይ ሊጠጣ ሲወጣ ዶሲሜትሯ ጨረራ በሚያግደው ሽርጥ፣ ሊድ ኤፕረኑ ላይ እንደተሰካች ራጅ ክፍል ቀርታለች። ወይም ራሱ ታሞ ራጅ ሲነሳ አላወለቃትም። አንድ ዶሲሜትር ለሁለት ሰው መጠቀምም መዝገቡን ከንቱ ያደርገዋል።

የባሰው ሆን ተብሎ የሚደረገው ነው። ንባቡ ከፍ ካለ ከሥራ እነሳለሁ ብሎ የሚፈራ ሰው ዶሲሜትሯን መሳቢያ ውስጥ ትቷት ይገባል። መዝገቡ ንጹሕ ይሆናል፤ ጨረራውን ሰውነቱ ይቀበላል። እዚህ ላይ ጥፋቱ በአብዛኛው የአለቃው ይመስለኛል። ከፍ ያለ ንባብ ሲመጣ መጀመሪያ መታየት ያለበት ሰውየው የት ይቆም እንደነበር፣ መጋረጃው፣ ማሽኑና የሥራ ድልድሉ ነው።