ልጁን ወደ ፊት ማዞር መቼ ነው?

በብዙ የልጅ የመኪና ወንበሮች ላይ «ወደ ፊት፦ ከ9 ኪሎ ጀምሮ» ተብሎ ይጻፋል። ብዙ ወላጅ «9 ኪሎ ሲሞላ አዙረው» ማለት ይመስለዋል። ቁጥሩ ግን ከዚያ በታች አይቻልም ማለት ብቻ ነው። አዲሱ የተባበሩት መንግሥታት ደንብ ቁጥር 129 ወንበሮችን በልጁ ቁመት ይመድባል፤ ከ15 ወር በፊት ማዞርንም አይፈቅድም።

ምክንያቱ አንገት ነው። የሕፃን ጭንቅላት ከሰውነቱ አንጻር ከባድ ነው፤ አንገቱም ገና አልጠነከረም። መኪናው ከፊት ሲጋጭ ወደ ኋላ የዞረ ወንበር ጭንቅላቱን፣ አንገቱንና ጀርባውን አንድ ላይ ይደግፋል። ወደ ፊት ከዞረ ግን ትከሻው በማሰሪያው ተይዞ ሲቀር ጭንቅላቱ ይወረወራል፣ አንገቱም ይሳባል። ስለዚህ ወንበሩ የሚፈቅደው የመጨረሻ ክብደት ወይም ቁመት እስኪሞላ አለማዞር ይሻላል። እግሩ መታጠፉ (ወላጅን የሚያሳስበው ብዙ ጊዜ ይሄ ነው) ችግር የለውም። ከአናቱ በላይ የቀረው የወንበር ጠርዝ ከ2.5 ሴንቲ ሜትር ካነሰ ግን ወንበሩ ጠቦታል።

የትከሻ ማሰሪያው ወደ ኋላ ለዞረ ልጅ ከትከሻው እኩል ወይም ዝቅ ብሎ፣ ወደ ፊት ለዞረ እኩል ወይም ከፍ ብሎ ይውጣ። ወፍራም ጃኬት ይውለቅ። ትከሻው ላይ ማሰሪያውን በጣት ቆንጥጠው ማጠፍ ከቻሉ ላልቷል። ወደ ኋላ የዞረ ወንበር የሚሠራ ኤርባግ ፊት ለፊት በፍጹም አይቀመጥም።