«አካባቢ ሳይንስ» ማለት ምን ማለት ነው?

መስከረም ላይ ልጆች መጽሐፍ ተቀብለው ሲመጡ ድሬዳዋ ውስጥ ብዙ ወላጅ ግራ ይጋባል። «የሳይንሱ የታለ? የኅብረተሰቡስ?» ይላል። መጽሐፉ አልጠፋም። በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ከ1ኛ እስከ 6ኛ ክፍል ሁለቱ ተዋህደው አካባቢ ሳይንስ በሚል ስም ይሰጣሉ። ቀድሞ ውህደቱ 4ኛ ክፍል ላይ ያበቃ ስለነበር፣ ታላቁን ልጅ በዚያ መንገድ ያስተማረ ወላጅ ታናሹ 5ኛ ክፍል ሲገባ ቢደናገር አይፈረድበትም። አሁን የሚለያዩት 7ኛ ክፍል ላይ ነው። መጽሐፉ ልጁ በሚማርበት ቋንቋ ነው፦ አማርኛ፣ አፋን ኦሮሞ ወይም ሶማሊኛ።

«አካባቢ» ሲባል ዛፍና ከብት ብቻ የሚመስላቸው አሉ። ድሬዳዋን አቋርጦ የሚያልፈውን የደቻቱን ወንዝ እንውሰድ። አብዛኛውን ዓመት ደረቅ አሸዋ ነው፤ በስተደቡብ ያሉት ተራሮች ላይ ከዘነበ ግን ከተማው ውስጥ ጠብታ ሳይወርድ ጎርፍ ሊመጣ ይችላል። ዛፍ የሌለው ተዳፋት ውሃውን ለምን አይዘውም የሚለው ሳይንስ ነው። ሰው ለምን ወንዝ ዳር ይሰፍራል፣ የ1998ቱ ክረምት ጎርፍ ያን ያህል ሕይወት የቀጠፈው ለምንድን ነው የሚለው ደግሞ ኅብረተሰብ። ልጅ ግን ሁለቱን ለይቶ አይጠይቅም፤ እኔ ማዋሃዱን የምደግፈው ለዚህ ነው።

ለማገዝ ሌላ መጽሐፍ መግዛት አያስፈልግም። ቅዳሜ ልጁን ይዛችሁ ድልድዩ ላይ ቁሙና ይህ ሁሉ አሸዋ ከየት እንደመጣ ጠይቁት።