ኤዎድያንና ሲንጤኪን እኛ ብንሆንስ?

ሰላም ለእናንተ ይሁን ቅዱሳን።

ሰሞኑን ሁለት አገልጋዮች ተጣሉ። ስማቸውን አላነሳም። የምታውቁ ታውቁታላችሁ፣ የማታውቁም ባታውቁት ይሻላል። እኔን ያሳዘነኝ የእነሱ ጠብ አይደለም፤ ሰው ናቸው፣ ይጋጫሉ። ያሳዘነኝ የእኛ ነገር ነው። ከረጅም ስብከት መሐል ጥቂት ሰከንድ ቆርጦ የሚለጥፈው፣ ከሥሩ "ልክ ልኩን ነገረው!" ብሎ የሚጽፈው፣ የሰው የስልክ ንግግር በየግሩፑ የሚበትነው፣ በነጋታው ደግሞ "የተባረከ ቀን" ብሎ ጥቅስ የሚልክልን ያው አንድ ሰው ነው። ጸሎት አይቀርም። መዝሙር ላይ እጁ ከፍ ብሏል። ጥቅስ ከነቁጥሩ በቃሉ ይወጣዋል። ይህን ሰው "በሳል ክርስቲያን" ነው የምንለው።

እንዲህ ያለ ነገር ባየሁ ቁጥር የምመለሰው ፊልጵስዩስ 4፥2 ላይ ነው። "በአንድ አሳብ በጌታ እንዲስማሙ ኤዎድያንን እመክራለሁ ሲንጤኪንንም እመክራለሁ።" ሁለቱም በፊልጵስዩስ ጉባኤ የነበሩ እህቶች ናቸው። ብዙዎቻችን ቁጥር 4 ላይ ያለው "ደስ ይበላችሁ" ጋ ለመድረስ ስንቸኩል ዘለናት እናልፋለን። ዛሬ እስቲ እዚህችው እንቁም።

ጳውሎስ ይህን የጻፈው ታስሮ ነው። ደብዳቤው ሲደርስ ጉባኤው ተሰብስቦ ይነበብለታል። አንባቢው ምዕራፍ 2 ላይ ደርሶ ክርስቶስ ራሱን ባዶ እንዳደረገ፣ እስከ መስቀል ሞት እንደ ታዘዘ ሲያነብ አስቡት። ማን አሜን የማይል አለ? ምናልባት ኤዎድያን በአንዱ ጥግ፣ ሲንጤኪን በሌላው ጥግ ሆነው እነሱም አሜን ብለዋል። ከዚያ ሳያስቡት ስማቸው ተጠራ፣ ያውም በሰው ሁሉ ፊት። ያ ሁሉ ከፍ ያለ ትምህርት ወደ ማን ቤት ሲሄድ እንደ ነበር ያን ጊዜ ሳይገባቸው አይቀርም።

ምን እንዳጣላቸው አልተጻፈም። እኛ ብንሆን መጀመሪያ የምንጠይቀው እሱን ነበር። ጥፋተኛዋ ማናት? ማን ጀመረ? ጳውሎስ ግን ለአንዷም አላደላም፤ ሁለቱንም እኩል መከረ። ደግሞ እነዚህ ሴቶች ትናንት የመጡ አልነበሩም። በወንጌል ከእርሱ ጋር አብረው የተጋደሉ ናቸው። እንግዲህ ብዙ ዘመን ማገልገል ብቻውን ከጠብ አያድንም። ጸጋ መብዛቱም አያድንም። የቆሮንቶስ ሰዎች አንድ የጸጋ ስጦታ እንኳ አይጎድልባቸውም ነበር፤ ጳውሎስ ግን እንደ ሕፃናት "ወተት ጋትኋችሁ" ያላቸው ቅናትና ክርክር ስላገኘባቸው ነው። "እኔ የጳውሎስ ነኝ፣ እኔ የአጵሎስ ነኝ" ይሉ ነበር። እኛ ዛሬ የቀየርነው ስሞቹን ብቻ ነው።

ታዲያ በሳል ማን ነው? እዚያው ደብዳቤ ውስጥ፣ ምዕራፍ 3 ላይ፣ ጳውሎስ "አሁን እንዳገኘሁ ወይም አሁን ፍጹም እንደ ሆንሁ አይደለም" ይላል። ይህን ባለ በሦስተኛው ቁጥር "ፍጹማን የሆንን ሁላችን ይህን እናስብ" አለ። እዚህ ላይ ፍጹማን ያለው የበሰሉትን ነው፤ ገና አልደረስኩም የሚል ነው የበሰለው። ቀጥሎ ያለውን ደግሞ እዩት፦ ልዩ አሳብ ቢኖራችሁ እግዚአብሔር ይገልጥላችኋል። ይህ ሰው ሐዋርያ ነው፣ ማዘዝ ይችላል፤ ግን ለወንድሙ ጊዜ ሰጠው፣ ለእግዚአብሔርም ቦታ ለቀቀ። እኛ ጋ ልዩ አሳብ ያለው ሰው እስከ ማታ እንኳ አይቆይም፤ "መናፍቅ" ተብሎ ያድራል።

ራሱ ሲነካስ? እርሱ ታስሮ ሳለ አንዳንዶች ከቅናት የተነሣ ይሰብኩ ነበር፤ በእስራቱ ላይ መከራ ሊጨምሩበት። እርሱ ግን ክርስቶስ ከተሰበከ ደስ ይለኛል አለ። እኔ እዚህ ጋ ስደርስ ዝም እላለሁ።

"ታዲያ ስሕተት ሲሰበክ ዝም እንበል?" የሚል ይኖራል። አይደለም። በዚያው ደብዳቤ "ከውሾች ተጠበቁ" ያለውም እርሱ ነው። ጴጥሮስን እንኳ በአንጾኪያ ፊት ለፊት ተቃውሞታል፣ የወንጌል እውነት ሲነካ። ለስሙ ሲሆን ተወው፣ ለወንጌል ሲሆን ቆመ። እኛ ብዙ ጊዜ የምናደርገው የዚህን ግልባጭ ነው። ለወንጌል ነው እንላለን እንጂ ውስጡ ሲታይ ለወገናችን ነው። "ለወገኔ ይጠቅማል በማለት" አንድ እንኳ አታድርጉ የሚለው ቃል ግን እዚያው ፊልጵስዩስ ምዕራፍ 2 ላይ አለ።

በዚህ ሁሉ መሐል የተጎዳህ ወንድሜ፣ ስምሽ የጠፋ እህቴ፣ ለእናንተ አንድ ነገር ልበል። ጳውሎስ ሁለቱን እህቶች በጉባኤ ፊት ቢመክርም እዚያው ላይ ስማቸው በሕይወት መጽሐፍ ከተጻፉት ጋር ቆጥሯቸዋል። ሰው በግሩፕ ላይ የጻፈው ስማችሁን ከዚያ አይፍቀውም። አልቅሱ፣ ግን ከኅብረት አትራቁ።

አሁን ወደ ቁጥር 3 ልመልሳችሁ። ጳውሎስ "እንድታግዛቸው እለምንሃለሁ" የሚለው ሌላ ሰው አለ። ዳኛ አላደረገውም፤ አግዛቸው ነው ያለው። ሁለት የተጣሉ ወገኖችን የምታውቅ ሰው፣ አንተ ነህ። የሁለቱም ስልክ አለህ። የተቀዳውን ድምፅ አጥፋው፤ ጆሮ ጠቢ በሌለበት ጠብ ጸጥ ይላል ይላል መጽሐፉ። ከዚያ አንዱ ጋ ደውል፣ ቀጥሎ ሌላው ጋ። ማን ልክ እንደ ሆነ አትንገራቸው፣ ቢጠይቁህም አትንገራቸው። እሺ ካሉህ ሦስት ሆናችሁ ጸልዩ። እምቢ ካሉ በሳምንቱ እንደገና ደውል።