ጾም፣ ጨጓራ ወይስ ብርድ? ስለ አኖሬክሲያ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

አኖሬክሲያ ሰው እየከሳ እንኳ መወፈርን ስለሚፈራ፣ ወይም ምግብን መግታት ራስን ማሸነፍ ስለሚመስለው፣ የሚበላውን ሆን ብሎ እየቀነሰ የሚሄድበት የአእምሮ ሕመም ነው። ከአእምሮ ሕመሞች መካከል ሰው በመግደል ከቀዳሚዎቹ ይመደባል። በሰሜን ሸዋ ዓይን የማይገባው ሌላ ነገር ስለሚመስል ነው።

«የፈረንጅና የሀብታም በሽታ ነው»

እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመ አንድ ጥናት በሰሜን ጋና ሴት ተማሪዎች ዘንድ ራስን በረሃብ መጉዳትን አግኝቷል። ልጆቹ ስለ ቅጥነት አላወሩም፤ ያወሩት ስለ ሃይማኖትና ራስን ስለ መግዛት ነው። በመንትዮች ላይ የተሠሩ ጥናቶች ደግሞ ለሕመሙ ከሚያጋልጠው ነገር ግማሽ ያህሉ በዘር የሚወረስ መሆኑን ያሳያሉ። ወንዶችም ይያዛሉ፤ ወንድ ሲሆን የሚጠረጥር ሰው ግን ጥቂት ነው።

«ጨጓራዋ ነው፣ ምግብ አይስማማትም»

መጀመሪያ ላይ ረሃቡ አለ። የታመመችው ልጅ ለቤቱ ወጥ ትሠራለች፣ ሌላውን «ብሉ፣ ብሉ» ትላለች፣ እሷ ግን «ቅድም በልቻለሁ» ብላ ትነሣለች። ሳምንታት ሲያልፉ ጨጓራ ምግብ የሚያሳልፍበት ፍጥነት ይቀንሳል። ያን ጊዜ ሁለት ጉርሻ ያጠግባል፣ ሆድ ይነፋል፣ ይደርቃል። ሕመሙ እውነት ነው፤ ግን የረሃቡ ውጤት እንጂ መነሻው አይደለም። የጨጓራ መድኃኒቱ ኦሜፕራዞል አያስተካክለውም፤ የሚያስተካክለው ሰዓቱን ጠብቆ መብላት ነው።

ጤና ጣቢያ ስትሄዱ ቲቢ፣ ኤችአይቪ፣ ስኳር፣ እንቅርትና የሆድ ትላትል መመርመራቸው ተገቢ ነው። ስሕተቱ ሁሉም «ነጻ» ሲባል ወደ ቤት መመለሱ ላይ ነው። በአኖሬክሲያ የደም ምርመራ ልብ እስኪዳከም ድረስ ደህና ሆኖ ሊቆይ ይችላል።

«ደብረ ብርሃን ማን የማይበርደው አለ?»

ከ2,700 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ጋቢ መደረብ ምንም አያስገርምም። ሸዋሮቢት ቆላ ወርዳም ጋቢዋን ካልጣለች፣ ጣቶቿ ከጠቆሩ፣ በጀርባዋና በክንዷ ላይ እንደ ሕፃን ያለ ስስ ጸጉር ከበቀለ ግን ሰውነት ሙቀት እየቆጠበ ነው። የልብ ምትንም እንዲሁ ይቆጥባል።

ምቱን ቤት ውስጥ መቁጠር ይቻላል። አምስት ደቂቃ አስቀምጧት፤ ሁለት ጣት ከአውራ ጣቷ በታች አንጓዋ ላይ አድርጉና ሙሉ 60 ሰከንድ ቁጠሩ። ነቅታ ሳለች በአሥራዎቹ ዕድሜ ላለች ከ50 በታች፣ ለአዋቂ ከ40 በታች ከሆነ በዚያው ቀን ሆስፒታል ውሰዷት፤ የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራ (ኢሲጂ) እና በደሟ ያለው የፖታሲየም ማዕድን ልኬት ያስፈልጋታል። ስትነሣ መውደቅ ወይም ራስን መሳትም እንዲሁ ነው። «ሯጭ ስለሆነ ነው ልቡ የቀዘቀዘው» የሚባለው ለጤነኛ ሯጭ ይሠራል፤ እየከሳ ለሚሄድ ሯጭ ግን ማመካኛ አይሆንም።

«መንፈሳዊ ሆና ነው»

እዚህ ላይ ረጋ ማለት ያስፈልጋል፤ ጾም በሽታ አይደለም። ልዩነቱ የሚታየው በዝርዝሩ ነው። የጾም ሥርዓት ዘይት አይከለክልም፤ እሷ ግን ሽሮውን ያለ ዘይት ትፈልጋለች። ሌላው ፋሲካን ሲናፍቅ እሷ ትፈራዋለች፣ ሁዳዴ ካለቀም በኋላ የራሷን ጾም ትቀጥላለች። የንስሐ አባት የታመመን ሰው ከጾም መፍታት ይችላሉ፤ ከቤተሰቡ ቃል ይልቅ የሳቸው ቃል ብዙ ጊዜ ይሰማል። ጻድቃኔ ማርያም ወይም ሌላ ጠበል ቦታ መሄድም ከሕክምና ጋር አይጣላም። ለከሳ ሰውነት አደገኛው በባዶ ሆድ ብዙ ውሃ ጠጥቶ ማስመለስ ነው፤ ሶዲየምና ፖታሲየም ወርደው ልብ ምቱን ሊስት ይችላል።

«አእምሮዋ ሲረጋጋ ትበላለች»

ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው። እ.ኤ.አ. በ1944 እና 1945 በአሜሪካ ሚኒሶታ 36 ጤነኛ ወጣት ወንዶች ለስድስት ወር በግማሽ ያህል ምግብ እንዲኖሩ ተደርጎ ነበር። ከጓደኛ ሸሹ፣ ተከዙ፣ ተቆጡ፣ ስለ ምግብ ብቻ አሰቡ። አኖሬክሲያ አልነበረባቸውም፤ ረሃቡ ብቻውን ነው ያን ያደረገው። በሕመሙ አንጎል ራሱ መጠኑ ይቀንሳል፤ ክብደት ሲመለስ አብዛኛው ያገግማል። ስለዚህ ለተራበ አንጎል ምክር ብዙም አይይዝም፣ የድብርት መድኃኒትም በዚያ ክብደት እምብዛም አይሠራም። ከሟቾቹ አምስት አንዱ ያህል ራሱን ያጠፋ ነው፤ «ሕይወትሽን ማጥፋት አስበሽ ታውቂያለሽ?» ብሎ በግልጽ መጠየቅ ሐሳቡን አይፈጥርም።

«አሁንማ ዶሮው ይሠራላት፣ ትጥገብ»

ከሁሉ የሚያስፈራው ይህ ደግነት ነው። ለረጅም ጊዜ የተራበ ሰው በአንዴ ብዙ ሲበላ ኢንሱሊን ከፍ ይላል፤ ፎስፌት፣ ፖታሲየምና ማግኒዥየም የሚባሉ ማዕድናት ከደም ወደ ሴሎች ይገባሉ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት እግር ማበጥ፣ ትንፋሽ ማጠር፣ መዘባረቅ ይመጣል፤ ልብም ሊቆም ይችላል። ጤና ጣቢያዎች በጽኑ ለተጎዱ ሕፃናት መጀመሪያ ቀለል ያለውን ኤፍ-75፣ ሲረጋጉ ጠንከር ያለውን ኤፍ-100 የሕክምና ወተት የሚሰጡት ስለዚሁ ነው። በጣም የከሳች ወይም ለቀናት ምንም ያልቀመሰች ልጅ ሆስፒታል ተኝታ፣ ቫይታሚን ቢ1 (ታያሚን) ከምግቡ በፊት ተሰጥቷት፣ ደሟ በየቀኑ እየታየ በጥቂት በጥቂቱ ትጀምራለች።

ሐኪም «ቤት ትታከም» ካለ ግን የቤት ሥራው ይጀምራል። ዕድሜያቸው ከ18 በታች ለሆኑት የተሻለ ማስረጃ ያለው ሕክምና ወላጅ ምግቡን በእጁ የሚይዝበት ነው። ምን ያህል እንደምትበላ እሷን አትጠይቁ፤ እናት ወይም አባት ያቅርቡ። በቀን ሦስት ምግብና ሁለት ወይም ሦስት መክሰስ፣ በመካከሉ ከሦስት ሰዓት ያልበለጠ። ገንፎ በቅቤ፣ በሶ በማር፣ ቂንጬ፤ በጾም ዘይት የገባበት ሽሮ፣ ተልባ፣ ሱፍ፣ ለውዝ። አንድ ሰው አብሯት ይብላ፣ ከበላችም በኋላ ለአንድ ሰዓት ያህል ከአጠገቧ አይራቅ። ኪሎ፣ መልክ፣ «ወፈርሽ» የሚባል ነገር ገበታ ላይ አይነሣ። ልመናም ቁጣም አይሠራም፤ «ይህ መድኃኒትሽ ነው» ብሎ መጠበቅ ይሻላል።

«ፊቷ ሞላ፣ ድናለች»

ፊት ከአጥንት ይቀድማል። አጥንት አብዛኛውን ጥንካሬውን የሚያገኘው በአሥራዎቹ ዕድሜ ነው፤ ያን ጊዜ የቀረው ሙሉ በሙሉ ላይመለስ ይችላል። የወር አበባ በራሱ መመለሱ ጥሩ ምልክት ነው፤ በወሊድ መከላከያ ኪኒን የሚመጣው ደም ግን ሕመሙን ይሸፍናል እንጂ አጥንትን አያድንም። የመወፈር ፍርሃቱም ክብደቱ ከተመለሰ በኋላ ለወራት ይቆያል። ወፍራም የነበረ ሰው በአጭር ጊዜ ብዙ ከቀነሰ ደግሞ፣ ከሲታ ባይመስልም ልቡ ልክ እንደ ከሳው ሰው ሊደክም ይችላልና ምቱን ቁጠሩለት።