ጥሪን በማያ ገጽ አንባቢ መቅዳት

በስማርት ስልክ የሚደረግን ጥሪ መቅዳት ለሚያይ ሰው አንዲት ቁልፍ የመንካት ጉዳይ ነው። ዐይነ ስውር ተጠቃሚ ግን ቁልፏን የሚፈልጋት በጆሮው ነው፤ ያው ጆሮ ደግሞ በዚያችው ደቂቃ የሰው ንግግር ይዟል። የማያ ገጽ አንባቢ የሚባለው ፕሮግራም በስልኩ ገጽ ላይ ያለውን ጽሑፍ በድምፅ እያነበበና ጣት ያረፈበትን ቁልፍ ስም እየጠራ ስልኩን ያለ ዕይታ ለመጠቀም ያስችላል። በጥሪ መካከል ይህ ድምፅ ከአነጋጋሪው ድምፅ ጋር ይጋጫል። ቀረጻው ሲጀምር ጥሪው እየተቀዳ መሆኑን የሚናገረው ማስታወቂያ ሲታከልበት ሦስት ድምፆች አንድ ጆሮ ላይ ይሻማሉ።

ጥሪ መቅዳት ለዐይነ ስውራን ምን ያህል እንደሚያስፈልግ የባንክ ሒሳብ ቁጥር በስልክ የተነገረው ሰው ያውቀዋል። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የሒሳብ ቁጥር 13 አኃዝ አለው። የሚያይ ሰው ስልኩን በትከሻውና በጉንጩ መካከል ይይዝና ባገኘው ብጣሽ ወረቀት ላይ፣ ካጣም በመዳፉ ላይ ይጽፈዋል። በብሬል የሚጽፍ ሰው ወረቀቱን ስሌት በሚባለው የብሬል መጻፊያ ሰሌዳ ውስጥ አስገብቶ፣ በአንድ እጁ ስሌቱን ደግፎ፣ በሌላው እጁ መውጊያውን ስታይለስ ይዞ ከቀኝ ወደ ግራ ነጥብ በነጥብ መውጋት አለበት። የቁጥር ምልክቱ ስለሚቀድም 13ቱ አኃዝ 14 የብሬል ሴል፣ ማለትም የአንድ አንድ ምልክት ቦታ፣ ይፈጃል። ሁለቱም እጆች ተይዘዋል፤ ስልኩን ማን ይያዘው? በስልኩ ማስታወሻ ላይ ልጻፍ ቢል ደግሞ አንባቢው እያንዳንዱን አኃዝ ሲጠራ ቀጣዩ አኃዝ ያመልጠዋል። «ይቅርታ፣ አንዴ ይድገሙልኝ» ማለት ይመጣል፤ ሦስተኛው ድገሙልኝ ላይ የአነጋጋሪው ድምፅ ሲለወጥ ይሰማል። የሐኪም ቀጠሮ፣ የመድኃኒት አወሳሰድ፣ የአሠሪ ትእዛዝ፣ የመምህር ማብራሪያ ሁሉ እንደዚሁ ነው። የተቀዳው ጥሪ ለዚህ ሰው ማስታወሻ ደብተሩ ነው፤ ስለ ጥሪ መቅዳት የሚወጣ ማንኛውም ሕግም ሆነ የኩባንያ ውሳኔ ይህን ማወቅ ነበረበት።

በሰፊው የሚሠራባቸው አንባቢዎች ሁለት ናቸው፤ በአይፎን ላይ ቮይስኦቨር፣ በአንድሮይድ ላይ ቶክባክ። ሁለቱም የወጡት እ.ኤ.አ. በ2009 ነው፤ ቮይስኦቨር ከአይፎን 3ጂኤስ ጋር፣ ቶክባክ ከአንድሮይድ 1.6 ጋር። ቶክባክ ጣት በገጹ ላይ ሲንሸራተት የነካውን የሚናገርበትን ዘዴ ያገኘው ግን ሁለት ዓመት ዘግይቶ በአንድሮይድ 4.0 ነው። የእጅ አጠቃቀሙ ዛሬ ተቀራራቢ ነው። በአንድ ጣት ወደ ቀኝ መጥረግ ወደሚቀጥለው ቁልፍ ያሻግራል፣ ሁለት ጊዜ መታ መታ ማድረግ የተጠራውን ቁልፍ ይከፍታል። በሁለት ጣት ሁለት ጊዜ መታ ማድረግ ደግሞ ጥሪ ያነሣል፣ ይዘጋልም። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ መቅጃውን ለመክፈት መታ ሲያደርግ ሁለተኛ ጣት አብራ ካረፈች መቅዳቱ ቀርቶ ጥሪው ሊቋረጥ ይችላል።

ሒደቱን ቀረብ ብለን እንየው። ስልኩ ጆሮ ላይ ሳለ ቅርበት የሚለየው መሣሪያ ገጹን ያጠፋዋል። ስለዚህ ተጠቃሚው ስልኩን ከጆሮው ማራቅ ይኖርበታል፤ ሲያርቀው ግን የአነጋጋሪው ድምፅ አብሮ ይርቃል። ድምፅ ማጉያውን ከከፈተ አንባቢው የሚጠራው ሁሉ በማይክሮፎኑ ገብቶ ለወዲያኛው ሰው ሊሰማ፣ ቀረጻው ውስጥም ሊገባ ይችላል። የተሻለው መላ የጆሮ ማዳመጫ ሰክቶ ስልኩን ደረት አጠገብ መያዝ ነው። ከዚያ «ድምፅ አጥፋ»፣ «ቁጥር ሰሌዳ»፣ «ድምፅ ማጉያ» እያለ የሚያነበውን እየጠረጉ ማለፍ ነው። በሚገባ ያልተሠራ መተግበሪያ ከሆነ መቅጃው ላይ ሲደርስ አንባቢው «ያልተሰየመ አዝራር» ይልና ዝም ይላል። ሠሪው ለሥዕሉ ስም መጻፍ ረስቷል፤ አንዲት ቃል በመጓደሏ ቁልፉ ለዐይነ ስውሩ የለም ማለት ነው። ቶክባክም ቮይስኦቨርም ተጠቃሚው ራሱ ስም እንዲያወጣ ይፈቅዳሉ፤ ይህን ማድረግ የሚሻለው በእርጋታ፣ ለሙከራ ወደ ወዳጅ ተደውሎ ነው። ቁልፉ ከተገኘና ቀረጻው ከጀመረ በኋላ አይፎን ላይ በሦስት ጣት ሁለት ጊዜ መታ ማድረግ የአንባቢውን ንግግር ያስቆማል፤ ያኔ ጆሮ ለሰው ብቻ ይቀራል።

በአንዳንድ የአንድሮይድ ስልኮች የጥሪ መተግበሪያው ራሱ ሁሉንም ወይም የተመረጡ ጥሪዎችን በራስ ሰር የመቅዳት ምርጫ አለው። ለዐይነ ስውር ተጠቃሚ ከዚህ የሚቀል መንገድ የለም፣ በጥሪ መካከል ምንም ፍለጋ የለበትምና። ሆኖም ሁሉን መቅዳት የማያስፈልገውንም፣ የሰው ምስጢር የሆነውንም መሰብሰብ ስለሆነ የተመረጡ ቁጥሮችን ብቻ ማስቀመጥ ይበጃል።

ሌላው መንገድ ከውጭ የሚጫን የመቅጃ መተግበሪያ ነበር፤ የዚህ ታሪክ ከዐይነ ስውራን ጋር ባልተጠበቀ መንገድ ተሳስሯል። ጉግል እ.ኤ.አ. በ2018 ከአንድሮይድ 9 ጀምሮ፣ በሚቀጥለው ዓመትም በአንድሮይድ 10፣ ተራ መተግበሪያዎች የጥሪ ድምፅ እንዳይቀዱ በር ዘጋ። የመቅጃ ሠሪዎች ሌላ ቀዳዳ አገኙ፤ ቶክባክን የመሰሉ አንባቢዎች ስልኩን የሚያነቡበትን የተደራሽነት አገልግሎት። ይህ አገልግሎት ለአካል ጉዳተኞች ተብሎ የተሠራ፣ በገጹ ላይ ያለውን ሁሉ የማንበብ ሥልጣን የሚሰጥ ነው። ለመቅጃ ብሎ የፈቀደለት ሰው የባንክ መልእክቱንም አብሮ ገልጦ ሊሰጥ ይችላል። ጉግል ከግንቦት 11 ቀን 2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በመተግበሪያ መደብሩ በፕሌይ ስቶር ያሉ መተግበሪያዎች በዚህ አገልግሎት የጥሪ ድምፅ እንዳይቀዱ ከለከለ፤ የደዋይን ስም የሚያሳየው ትሩኮለርም ያኔ መቅጃውን አነሣ። በበኩሌ ክልከላው ተገቢ ነበር እላለሁ፤ ለዐይነ ስውራን የተከፈተን በር ሌላው ሁሉ ሲጋፋበት ማዕቀቡ የሚደርሰው በዐይነ ስውራኑ ላይ ነውና። ግን በሩ ሲዘጋ ማስታወሻ ደብተሩን ያጣው ማን እንደሆነ መጠየቅ ነበረበት። ዛሬም ከመደብር ውጭ የሚሰራጭ መቅጃ የተደራሽነት ፈቃድ ሲጠይቅ እምቢ ማለት ይሻላል።

አፕል በአይፎን ላይ ጥሪ መቅዳትን የፈቀደው ዘግይቶ፣ በጥቅምት ወር 2024 እ.ኤ.አ. በወጣው አይኦኤስ 18.1 ነው። ቀረጻው ሲጀምር ጥሪው እንደሚቀዳ ለሁለቱም ወገን በድምፅ ይነገራል፤ የተቀዳውም ማስታወሻ መተግበሪያው ውስጥ ይቀመጣል። የድምፅ ማስታወቂያው ብዙዎችን ያሰለቻል። ነገር ግን በገጹ ጥግ የምትበራ ቀይ ነጥብ ለዐይነ ስውር ምንም አትነግረውም፤ በድምፅ የተነገረውን ሁሉም እኩል ይሰማል። አገልግሎቱ በሁሉም አገር አይገኝም። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች አልተከፈተም፤ በሳዑዲ ዓረቢያ፣ በኤምሬቶችና በኳታርም እንዲሁ። ስለዚህ በሪያድ ወይም በዱባይ ያለ ወገናችን አይፎኑ ላይ ቁልፉን ቢያጣ ቮይስኦቨር ስላልሠራ አይደለም።

ሕጉም ከአገር አገር ይለያያል። በአሜሪካ የፌዴራሉ ሕግ የአንድ ተነጋጋሪ ፈቃድ ይበቃዋል፤ ካሊፎርኒያ፣ ሜሪላንድና ዋሽንግተን ግዛት ግን የሁሉንም ይጠይቃሉ። በጀርመን ያለ ፈቃድ መቅዳት በእስራት ሊያስቀጣ የሚችል ወንጀል ነው። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 26 በስልክ የሚደረግ ግንኙነት የማይደፈር መሆኑን ይደነግጋል፤ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም ወጥቷል። የትም ሆነ የት «ማስታወሻ መያዝ ስለማልችል ልቅዳዎት?» ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። ምክንያቱ ሲነገረው የሚከለክል ሰው ጥቂት ነው።

ከተቀዳ በኋላ ያለው ሥራ ብዙ ጊዜ አይነሣም። ፋይሎቹ በስልክ ቁጥርና በቀን ስለሚሰየሙ አንባቢው አሥሩን አኃዝ እንደ አንድ ትልቅ ቁጥር አድርጎ በመቶ ሚሊዮኖች ሊጠራው ይችላል። አማርኛ የማያውቅ ድምፅ ከተጫነ ደግሞ በፊደል የተጻፈን ስም ዘሎት ያልፋል። ብዙዎች የሰዎችን ስም በላቲን ፊደል የሚመዘግቡት ለዚህ ነው። ኢስፒክ ኤንጂ የተባለው ነፃ የንግግር ፕሮግራም አማርኛ ያነባል፤ ድምፁ የማሽን ቢሆንም ፊደሉን ይለያል። አይፎን የተቀዳውን ወደ ጽሑፍ የሚለውጥባቸው ቋንቋዎች ሲጀመር ጥቂት ነበሩ፤ አማርኛ አልነበረበትም። በአማርኛ የተነገረው የሒሳብ ቁጥር እንግዲህ ድምፅ ሆኖ ይጠብቃል። ባለቤቱ ቤቱ ገብቶ፣ ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ፣ ወረቀቱን ስሌቱ ውስጥ ያስገባል። ሁለት አኃዝ ሰምቶ ያቆማል፣ ይወጋል፣ ደግሞ ያስቀጥላል፤ 14ኛውን ሴል ሲጨርስ ወረቀቱን ገልብጦ በጣቱ እየዳሰሰ ከድምፁ ጋር ያመሳክራል፤ ልክ ከሆነ ቅጂውን ያጠፋል።