ለስላሳ ብርሃን ምንድን ነው? (ደካማ ብርሃን አይደለም!)

ባለፈው ሳምንት አንድ ወዳጄ አጭር ቪዲዮ ላከልኝ። አንድ ወጣት ስለ ፎቶ አነሳስ ያስተምራል። መብራቱን ፊቱ ላይ አበራና "ይሄ ሃርድ ላይት ነው" አለ፤ ደረቅ ብርሃን ማለቱ ነው። ከዚያ ማስተካከያውን አዞረ፣ መብራቱ ቀነሰ። "አሁን ግን ሶፍት (ለስላሳ) ሆነ፣ አያችሁ?"

አላየሁም። ያየሁት ያንኑ መብራት፣ ፈዝዞ ነው።

ሠርግ ላይ አንዲት እናት "ልጄ፣ መብራቱን ለስለስ አድርግልኝ፣ ዓይኔን ወጋኝ" ቢሉኝ እቀንስላቸዋለሁ። እሳቸው ልክ ናቸው፤ የጠየቁት እንድቀንሰው ነው። አስተማሪ ነኝ ብሎ የቆመ ሰው እንዲህ ሲል ግን ያናድደኛል። ምክንያቱም ሰሚው ነገ ሄዶ ብሩን ያለ ቦታው ያጠፋል። ማስተካከያ ያለው ውድ መብራት ይገዛና "ለምንድን ነው የአፍንጫዬ ጥላ እንደ ምላጭ የሚቆርጠው?" ብሎ ይጠይቀኛል። ጠይቀውኛልም። ደጋግመው።

(ለስላሳ ሲባል ሚሪንዳ ትዝ ለሚላችሁ፣ እሱን ሌላ ጊዜ።)

ፎቶ አንሺ ለስላሳ የሚለው የጥላውን ጠርዝ አይቶ ነው። ጥላው በአንድ መስመር ተቆርጦ ካለቀ ብርሃኑ ደረቅ ነው። ቀስ እያለ፣ ከየት እንደጀመረ ሳይታወቅ ከጠፋ ለስላሳ ነው። ይህን የሚወስነው የብርሃኑ ጉልበት ሳይሆን ስፋቱ ነው። ስፋት ስል ደግሞ በሜትር የሚለካውን ብቻ አይደለም። በሚነሳው ሰው ቦታ ቆማችሁ ወደ መብራቱ ብትዞሩ ምን ያህል ሰፍቶ ይታያችኋል? ጥያቄው ያ ነው።

ዝናብን አስቡ። ነፋስ የለም፣ ዝናቡ ቀጥ ብሎ ይወርዳል። ቆርቆሮው ከግድግዳው ትንሽ ወጣ ብሏል። ከሥሩ ደረቅ መሬት አለ፣ ቀጥሎ እርጥብ መሬት፣ በመሃላቸው ጥርት ያለ መስመር። ዝናቡ ካፊያም ይሁን ዶፍ መስመሩ ያው ነው። ካፊያ ከሆነ መሬቱ እስኪርስ ይቆያል እንጂ መስመሩ አይደበዝዝም። አሁን ነፋስ ይነሳ። ወጨፎው አንዴ ከግራ፣ አንዴ ከቀኝ፣ አንዴ ፊት ለፊት ይምጣ። መስመሩ ጠፋ። ግድግዳው ጋ ትንሽ ደረቅ፣ ቀጥሎ እርጥበት ቢጤ፣ ከዚያ ጭቃ። ብዙ አቅጣጫ ማለት ይህ ነው። ሰፊ የብርሃን ምንጭም ከብዙ አቅጣጫ ይመጣልና የጥላውን መስመር እንዲሁ ያጠፋዋል።

ካሜራችሁ ደግሞ ደጅ የተቀመጠ ባልዲ ነው። በካፊያ ጊዜ ብዙ ብታቆዩት ይሞላል፣ በዶፍ ጊዜ ቶሎ ብታነሱትም ይሞላል። ውሃው ያው ውሃ ነው። መብራቱን በግማሽ ቀንሳችሁ የሻተሩን ጊዜ (ካሜራው ተከፍቶ ብርሃን የሚያስገባበትን ማለት ነው) እጥፍ ብታደርጉት የምታገኙት ፎቶ ከመጀመሪያው አይለይም። ጥላው እንኳ በአንድ ፀጉር አይነቃነቅም። (የሚነሳው ሰው ካልተንቀሳቀሰ። ሕፃን ስታነሱ ይህን ምክር እርሱት።)

ፀሐይን ያህል ትልቅ ነገር የለንም። ወርዷ 1.39 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ግን 150 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ያህል ስለምትርቅ ከእኛ ቦታ የምትታየው በግማሽ ዲግሪ ስፋት ብቻ ነው። ክንዳችሁን ዘርግታችሁ ትንሿን ጣታችሁን ብትቀስሩ ወደ አንድ ዲግሪ ትሸፍናለች፤ ፀሐይ የጣቷ ግማሽ ናት ማለት ነው። (በቀጥታ አይታችሁ አትሞክሩት፣ በሙሉ ጨረቃ ሞክሩት፣ መጠናቸው ይቀራረባል።) ስለዚህ የፀሐይ ጥላ ስለታም ነው። ደመና ሲሸፍናት ግን የሚያበራው ሰማዩ በሙሉ ይሆናል። የክረምት ፎቶ ፊት ላይ የሚያምረው ለዚህ ነው።

"እንግዲያውስ ደመናው ብርሃኑን ስለቀነሰው ነዋ!" የሚለኝ አይጠፋም። ቀንሶታል። ያለሰለሰው ግን መቀነሱ አይደለም። ማስረጃ ካስፈለገ ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. ጠዋት የነበረውን የፀሐይ ግርዶሽ አስታውሱ። መንገዱ በላሊበላ ላይ ያለፈው ማለት ነው። ጨረቃ ፀሐይን እየሸፈነች ስትሄድ ብርሃኑ ደከመ፣ ቀኑ ምሽት መሰለ። ለስላሳ ሆነ ወይ? የተረፈችው ፀሐይ ቀጭን ማጭድ ስትሆን ምንጩ ጠበበ፣ ጥላው በአንድ በኩል ይበልጥ ስለታም ሆነ። ዛፍ ሥር የነበረ ሰው በቅጠሎቹ ክፍተት ያለፈው ብርሃን መሬት ላይ ትናንሽ ማጭዶችን ሲሠራ አይቷል። ብርሃኑ ደክሟል፣ ጥላው ግን በዚያ በኩል ይበልጥ ጠርቷል።

ከዚሁ ጋር የምትሄድ ሌላ ስህተት አለች። "ወርቃማው ሰዓት ላይ ብርሃኑ ለስላሳ ነው" ትባላለች። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል መጠኗ አያድግም። ያችው ግማሽ ዲግሪ ናት። ግድግዳ አጠገብ ቆማችሁ ጥላችሁን እዩት፣ ጠርዙ ይታወቃል። የተለወጠው ሌላ ነገር ነው። በቀጥታ የሚመጣው ብርሃን በረጅም አየር ውስጥ ሲያልፍ ደከመ፤ ከሰማዩ የሚመጣው ደግሞ ከእሱ ጋር ሲነጻጸር ድርሻው በዛ። ስለዚህ ጥላው ውስጥ ያለው ጥቁረት ቀለል አለ። የጥላ ጥቁረት አንድ ነገር ነው፣ የጥላ ጠርዝ ሌላ። እኛም ሥራ ላይ ስንጣደፍ ሁለቱንም "ሶፍት" እንላለን፣ አልክድም። ስናስተምር ግን መለየት አለብን። ለነገሩ አዲስ አበባ ከምድር ወገብ ብዙም ስለማትርቅ ፀሐይዋ ቀጥ ብላ ነው የምትወርደው። አውሮፓ ያሉ ጓደኞቼ በበጋ ምሽት ሰዓቱ የማያልቅ እስኪመስላቸው ያነሳሉ። እኛ ቦርሳ ከፍተን ሌንስ ስንመርጥ ያልቃል። ሌንሳችሁን ከ11 ሰዓት በፊት ምረጡ።

አሁን ወደ ዕቃው። ሰው በብዛት የሚገዛው ሪንግ ላይት (የቀለበት ቅርጽ ያለው መብራት) ነው፣ ወርዱ 45 ሳንቲ ሜትር ገደማ የሆነው። ከፊታችሁ 50 ሳንቲ ሜትር ላይ ብታቆሙት ፊታችሁ ላይ በጣም ሰፊ ምንጭ ነው። ወደ 2.5 ሜትር ብታርቁት በአምስት እጥፍ ይጠባል። ያኔ የነበረውን ልስላሴ ለመመለስ ወርዱ 2.25 ሜትር የሆነ ሪንግ ላይት ያስፈልጋችኋል። ሳሎን አይገባም። ስለዚህ ለስላሳ የፈለገ ሰው መብራቱን ማቅረብ አለበት። ሲቀርብ ደግሞ ምን ይሆናል? ይበረታል! ከ2.5 ሜትር ወደ 50 ሳንቲ ሜትር ሲመጣ በደንቡ ስሌት 25 እጥፍ ነው (ርቀቱ አምስት ጊዜ ሲያጥር ብርታቱ አምስት ጊዜ አምስት ያድጋል)፤ እንዲህ ሰፊ ምንጭ እንዲህ ሲቀርብ ከዚያ ትንሽ ያንሳል፣ ግን ያው በጣም ይበረታል። ይበልጥ ብርቱ፣ ይበልጥ ለስላሳ። የቪዲዮው መምህር ይህን እንዴት እንደሚያስረዳ ብሰማው ደስ ይለኛል።

ያቺ ፍላሽ ላይ የምትጠለቅ ነጭ የፕላስቲክ ቆብም አለች። ሜዳ ላይ ብታጠልቋት ምንም አታለሰልስም። የፍላሹን ስፋት አልጨመረችውም፣ ባትሪ ጨረሰች እንጂ። ቤት ውስጥ ግን ትሠራለች። ብርሃኑን ወደ ጣሪያና ግድግዳ ትበትነዋለች፤ ከዚያ የሚያበራው ጣሪያው ነው። ታዲያ ጣሪያው ነጭ ከሆነ ቆቧን ትታችሁ ፍላሹን ራሱን ወደ ላይ አዙሩት፣ በነፃ። ግድግዳው አረንጓዴ ከሆነ ግን ሙሽራዋም አረንጓዴ ትሆናለች። ደርሶብኛል። ከሠርግ አዳራሽ ወጥቼ ሁለት ሌሊት ፊት ሳስተካክል አድሬያለሁ።

ዝናብም እኮ መሬት ነክቶ ይፈናጠቃል፤ የግድግዳውን ግርጌ የሚያጨቀየው እሱ ነው። ሪፍሌክተር፣ ብርሃን የሚመልሰው ሰሌዳ፣ የሚሰጣችሁ ያንን ፍንጣቂ ነው። ምሳሌዬን ከልኩ በላይ እየጎተትኩት እንደሆነ ይገባኛል፣ ግን ይሄኛው በደንብ ይሠራል። የሚያብረቀርቅ ድንጋይ ላይ ብዙ ይፈናጠቃል፣ አፈር ላይ ይሰምጣል። ነጭ ፎም ከፊት በታች ያዙ፣ ከአገጭ ሥር ያለው ጥቁረት ይነሳል።

"የትኛው ሌንስ ነው ለስላሳ ብርሃን የሚሰጠው?" ለሚሉኝ፦ የትኛውም። 50 ሚሊ ሜትር 1.8 ሌንስ (1.8 አፉ ሰፊ መሆኑን የሚናገር ቁጥር ነው) ግሩም ዕቃ ነው፣ በአነስተኛ ብርሃን ያነሳላችኋል፣ ከኋላ ያለውንም ያደበዝዛል። የጀርባ ብዥታ ግን ለስላሳ ብርሃን አይደለም። የባልዲው አፍ ሰፋ እንጂ ዝናቡ አልተለወጠም።

ብሩን ከማውጣታችሁ በፊት ነጭ አንሶላ ፈልጉ። አበባ የሌለበት። ፀሐይ በቀጥታ የሚገባበት መስኮት ላይ ወጥራችሁ ስቀሉት። አሁን መስኮቱ በሙሉ መብራት ሆነ። ሰውዬውን ቅርብ አስቀምጡት፣ አንድ ሜትር ገደማ። ብዙ ጀማሪ እዚህ ይሳሳታል፤ ሰውየውን ክፍሉ ጥግ ያስቀምጥና መስኮቱን ይወቅሳል። ከሩቅ የታየ መስኮት ትንሽ መስኮት ነው።

ላሊበላ ሄዳችሁ ቄሱ መስቀላቸውን ይዘው በሩ አጠገብ ሲቆሙ አይታችሁ ይሆናል። ፀሐይ በቀጥታ በማይገባበት ሰዓት፣ ከደጁ አንድ ሁለት እርምጃ ገባ ብለው ሲቆሙ፣ ብርሃኑ ፊታቸውን እንደ ውሃ ይከበዋል። ወደ ውስጥ አሥር እርምጃ ቢገቡ ያው በር ነው፣ ያው ቀን ነው። ብርሃኑ ግን ደክሟል፣ ጥላውም ጠንክሯል። ሲደክም ደረቀ! የቪዲዮውን ትምህርት ገልብጣችሁ ብታነቡት ማለት ነው።

አንድ ማሳሰቢያ ልጨምር፣ ማንም ባይጠይቀኝም። ደረቅ ብርሃን መጥፎ ብርሃን አይደለም። የጥምቀት ዕለት ጃን ሜዳ የጥር ፀሐይ ነው፤ ጥልፉን፣ የመስቀሉን ፍልፍል፣ የሚረጨውን ጠበል ነጥብ በነጥብ የሚያወጣው ያ ደረቅ ብርሃን ነው። ፊት ስፈልግ ወደ ጥላ እሄዳለሁ። ጃንጥላ ሥር ስታነሱ ግን ጨርቁ ስስ ከሆነ ቀለሙን ፊት ላይ ያፈሳል፤ በቀይ ጃንጥላ ሥር ሁሉም ሰው የተቆጣ ይመስላል።

ይህን ከጻፍኩ በኋላ ያንን ቪዲዮ ደግሜ አየሁት፣ ልጁን እንዳልበድለው ብዬ። እውነትም አንድ ነገር ተለውጧል። ከኋላው መስኮት ያለ ይመስለኛል። መብራቱን ሲቀንሰው የመስኮቱ ድርሻ ከፍ አለና ጥላው ትንሽ ነጣ። "ለስለስ አለ" ያስባለው ይህ ነው። ቪዲዮውን አቁሜ ስክሪኑ ላይ የአፍንጫውን ጥላ በጣቴ ተከተልኩት። ከመቀነሱ በፊት ከከንፈሩ ጥግ ላይ ተቆርጦ ያልቃል። ከቀነሰው በኋላም እዚያው ጥግ ላይ፣ በዚያው መስመር።