«ርስት በሺ ዓመቱ ለባለቤቱ»፦ ተረቱ ከየት መጣ? ምን ይጠይቃል?

«ርስት በሺ ዓመቱ ለባለቤቱ» የሚለውን ያልሰማ ሰው ያለ አይመስለኝም። አንድ ነገር ከስንት ውጣ ውረድ በኋላ ወደ ባለቤቱ ሲመለስ ይባላል። የተወረሰ ቤት ሲመለስ፣ የተቀማ ገንዘብ በፍርድ ሲገኝ ይባላል። ትርጉሙም ግልጽ ነው፤ ያንተ የሆነ ነገር ስንት ዘመን ቢቆይ ያንተው ነው።

እኔ ግን ተረቱን የምወደው ለሌላ ምክንያት ነው። አጥብቆ የሚናገረው ርቆ ስለሄደ ሰው መብት ነው። ያን ለመረዳት ርስት ምን እንደነበር ማየት ያስፈልጋል።

ርስት በጎጃም፣ በጎንደር፣ በትግራይ፣ በወሎና በሰሜን ሸዋ ብዙ ቦታ በዘር የሚተላለፍ የመሬት መብት ነበር። ብዙ ሰው «የራሴ ማሳ» ማለት ይመስለዋል። እንደዚያ አይደለም። ርስት ማለት አገሩን መጀመሪያ ካቀናው አባት መሬት ላይ ድርሻ የመጠየቅ መብት ነው። ያ ሰው አቅኚ አባት ወይም ዋና አባት ይባላል። መሬቱ ለልጆቹ ይከፈልና እያንዳንዱ ክፍል በልጁ ስም ይጠራል። እነዚህ ልጆች በጎጃም ምንዝር አባት ይባላሉ። ከዚያ ወዲህ የተወለደ ሁሉ፣ ከእነሱ መወለዱን ካስረዳ፣ «ድርሻ አለኝ» ማለት ይችላል።

ዋናው ነገር ደግሞ የትውልዱ ቆጠራ በወንድም በሴትም መሆኑ ነው። የእናት ርስት እንደ አባት ርስት ይጠየቃል። የአያት እናትም ብትሆን ያው ነው።

አንዲት ሴት ልጅ ወንዝ ማዶ ተድራ ሄደች እንበል። የአባቷን መሬት ወንድሞቿ ያርሱታል፤ እሷ ባሏ አገር ኖራ እዚያው ትሞታለች። ልጇም እዚያው ያረጃል። የልጅ ልጇ ግን መሬት ይጠበዋል። ጎጆ የሚወጡ ልጆች አሉት፣ ያለው ማሳ ደግሞ አንድ ጥማድ በሬ እንኳ አያዞርም። ስለዚህ ወንዙን ተሻግሮ ይመጣና «አያቴ የዚህ አገር ልጅ ነበረች፤ ድርሻዋን እፈልጋለሁ» ይላል። መሬቱን ስልሳ ሰባ ዓመት ያረሱት ሰዎች ምን ይሰማቸዋል? ይናደዳሉ እንጂ! ግን «እስከዛሬ የት ነበርክ?» ብለው ሊያሰናብቱት አይችሉም። ተረቱ ጠበቃው ነው። መሄድ፣ መዳር፣ መዝመት፣ መሰደድ መብት አያስቀርም።

እርግጥ ተረቱን ስላወረደ ብቻ ማንም ስንዝር መሬት አይለቅለትም። የትውልድ ሐረጉ መረጃ በያኔው ጊዜ በሰው ጭንቅላት ውስጥ ነው ያለው። ጠያቂው ከራሱ ጀምሮ እስከ ምንዝር አባቱ፣ ከዚያም እስከ ዋናው አባት ስም በስም ይቆጥራል። አንድ ስም ከዘለለ አለቀለት። የዘሩ ወኪል የሆነ ፈጅ የሚባል ሰው አለ፤ የጋራው መሬት ሲከፈልም ሆነ ክርክር ሲነሳ ለዘሩ የሚቆመው እሱ ነው። ሽማግሌዎች ተቀምጠው ያዳምጣሉ። ባላጋራውም ዝም አይልም። «ያልካት ሴት የማደጎ ልጅ ናት» ይላል። «እገሌ ሳይወልድ ነው የሞተው» ይላል። ወይም በጣም የተለመደችውን ያመጣታል፦ «አያትህ ድርሻዋን በሌላ መስክ ወስዳለች»። ምስክር ይጠራል። ምስክሩ በታቦት ይማላል። ሽማግሌ ካልጨረሰው ጉዳዩ የመንደሩ ሹም ወደሆነው ጭቃ ሹም ወይም ወደ አጥቢያ ዳኛው፣ ከዚያም ወደ ላይ ይሄዳል። አንድ የርስት ክርክር ከአባት ወደ ልጅ ሲተላለፍ ማየት ብርቅ አልነበረም።

እዚህ ላይ ሌላ ተረት ትዝ ይለኛል፦ «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ፣ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ»። ጭብጦ ትንሽዬ ደረቅ ዳቦ ናት፤ በቅሎ ደግሞ የጌታ ሀብት። በፍርድ ከተወሰደችብኝ በቅሎ ይልቅ ያለ ፍርድ የተወሰደችብኝ ጭብጦ ትቆጨኛለች ማለት ነው። ሁለቱ ተረቶች አብረው ካልተነገሩ የአገሬው የፍትሕ ሐሳብ ጎዶሎ ይሆናል። አንዱ «መብትህ አይሞትም» ይላል። ሌላው «መብትህን በዳኛ ፊት ውሰድ» ይላል።

ሥርዓቱን ግን ገነት አድርጌ ልስለው አልፈልግም። ምላሱ የሰላ፣ ዘመድ የበዛለት፣ ከሹሙ ጋር የተስማማ ሰው አራት አምስት አባት ቆጥሮ ከየአቅጣጫው መሬት ይሰበስብ ነበር። ድሃው በደጅ ጥናት ያልቅ ነበር። ሸማኔው፣ ቀጥቃጩ፣ ሸክላ ሠሪዋ፣ በብዙ ቦታም ሙስሊሙ ከርስት ውጭ ነበሩ።

የደቡቡ ታሪክ ደግሞ ከዚህም ይከፋል። ከምኒልክ መስፋፋት በኋላ ብዙ ሕዝብ በገዛ አባቱ መሬት ላይ ገባር፣ ኋላም ጭሰኛ ሆነ። መሬቱ ቀላድ በሚባል መለኪያ ገመድ እየተለካ ለመንግሥት፣ ለወታደርና ለሹም ተከፋፈለ። የአካባቢው ባላባት ሲሶ ሲደርሰው ተራው አራሽ ባዶ እጁን ቀረ። ለዚያ ሰው «ርስት በሺ ዓመቱ» ብሎ የሚያዳምጠው ዳኛ አልነበረም። ተረቱን ስንወደው ይህን መርሳት የለብንም።

የዘመናዊው ሕግ ሐሳብ ከተረቱ ጋር ፊት ለፊት ይጋጫል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 3347 ሕጉ በሸፈናቸው ጉዳዮች ላይ የነበሩትን የልማድ ሕጎች በመርህ ደረጃ ሻራቸው። ይርጋንም፣ ማለትም ጊዜ ሲያልፍ መብት የሚቀርበትን ደንብ፣ አመጣ። በቁጥር 1168 መሠረት የማይንቀሳቀስ ንብረት ይዞ ለ15 ተከታታይ ዓመት ግብሩን የከፈለ ሰው፣ በመርህ ደረጃ፣ ባለቤት ይሆናል። ሺ ዓመት የት፣ 15 ዓመት የት! የሕግ ባለሙያው ምክንያት አለው፤ ክርክር አንድ ቦታ ማለቅ አለበት፣ አለበለዚያ የሚያለማ አይኖርም። ባለርስቱም ምክንያት አለው።

የባለርስቱ ምክንያት ምን ያህል ጥብቅ እንደነበር በ1960 ዓ.ም. ጎጃም ላይ ታየ። መንግሥት የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ አወጣ። ገበሬው ግን መሬት ገማቹ ሲመጣ የታየው ቀላድ ነው። መሬቱ ከተለካ ርስትነቱ ይቀራል ብሎ ፈራና ሸፈተ። ጦርና አውሮፕላን ቢላክበትም አልበረደም፤ በመጨረሻ መንግሥት ከግብሩ ወደኋላ አለ።

ከዚያ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. መጣ። «መሬት ለአራሹ» የተባለለት አዋጅ የገጠር መሬትን የሕዝብ ንብረት አደረገ፤ ለአንድ ቤተሰብ የሚፈቀደውንም እስከ 10 ሔክታር ወሰነ። ጭሰኛው ተነፈሰ። በሰሜን ደግሞ አባት መቁጠር በሕግ ፊት ዋጋ አጣ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 40 መሬትን የመንግሥትና የሕዝብ አድርጎ ሽያጩን ከለከለ፣ ገበሬው በነፃ መሬት የማግኘትና ያለመነቀል መብት እንዳለውም ደነገገ።

ዛሬ የገጠር ይዞታ በእርሻ ከመተዳደርና መሬቱን ከመንከባከብ ጋር የተያያዘ ነው። ይኸ የተረቱ ግልባጭ ነው። ድሮ የሄደ ሰው መብቱ ይጠብቀው ነበር፤ ዛሬ ትቶ የሄደ ሰው ሊያጣው ይችላል። የሚቆጠረውም አባት ሳይሆን ደብተር ነው። በአማራ ክልል የይዞታ ደብተሩ ላይ የባልም የሚስትም ፎቶ አለ። ለእኔ ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ድሮ የልጅ ልጅ መጥቶ የሚጠይቅላት ሴት አሁን በስሟና በመልኳ ተመዝግባለች።

ሽምግልናው ግን አልሞተም። የ1997ቱ የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 456 ራሱ የይዞታ ክርክር መጀመሪያ በውይይትና በስምምነት እንዲታይ፣ ካልሆነም ተከራካሪዎቹ በመረጧቸው ሽማግሌዎች ወይም በክልሉ ሕግ እንዲወሰን ይል ነበር። ድንበር የገፋ ጎረቤት ዛሬም ቀድሞ የሚቆመው ሽማግሌ ፊት ነው። የወሰኑ ድንጋይ የት እንደነበር የሚያውቁት እነሱ ናቸዋ።

ተረቱ ከማሳ ወጥቶ ፖለቲካ ውስጥ ሲገባ ነው እኔን የሚከብደኝ። አሁን አሁን ስለ ወሰንና ስለ አካባቢ ይገባኛል ጥያቄ ሲነሳ እንደ መፈክር ይነገራል። እዚያ ላይ ግን ቆጠራው የለም፣ ምስክሩ የለም፣ የሌላውን ወገን ቃል የሚሰማ ሽማግሌም የለም። ድሮ ተረቱን ያነሳ ሰው ባላጋራውን «አንተም የአባቴ ልጅ ነህ፤ አካፍለኝ» ነበር የሚለው። አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቀው ድርሻውን ነው እንጂ ያለውን ሰው ነቅሎ ማባረርን አይደለም።

በአግባቡ የሚነገርበትን ምሳሌ ጥቀስ ብባል የአክሱም ሐውልትን እጠቅሳለሁ። ፋሺስት ኢጣሊያ በወረራው ዘመን ወስዶ ሮም አቆመው። በ1939 ዓ.ም. ጣሊያን በፈረመችው የሰላም ውል የዘረፈችውን በ18 ወር ውስጥ ልትመልስ ቃል ገባች። አልመለሰችም። ኢትዮጵያ ግን ያንን የተፈረመ ወረቀት ይዛ በየመንግሥቱ ስትጠይቅ ቆየች፤ ምሁሩም፣ ዲፕሎማቱም፣ ተራው ሰውም ጠየቀ። ሚያዝያ 1997 ዓ.ም. ሐውልቱ በሦስት ተቆርጦ በአውሮፕላን አክሱም ገባ፤ በ2000 ዓ.ም. ደግሞ በቦታው ተተከለ።